ሒሳብ የሚችለው ልጅ እንግሊዝኛው እስኪመጣ ይጠብቅ?

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ይሄን ጥያቄ የለጠፍኩት ከሦስት ሳምንት በፊት እሁድ ማታ ነበር። መልሱ 21 ደረሰ። ዘግይታችሁ የገባችሁ አንዳንዶቻችሁ ከላይ ጀምሮ ማንበብ ከበደን ብላችሁ ጻፋችሁልኝ። ስለዚህ መጀመሪያ ጥያቄዬን፣ ቀጥሎ የመጡትን መልሶች በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር አስቀምጫለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄው

ሜሪላንድ፣ ሞንጎመሪ ካውንቲ ውስጥ አንድ ሃይስኩል ረዳት መምህር ሆኜ እሠራለሁ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። የምሠራው ኢሶል ክፍል ነው፤ እንግሊዝኛ ገና በመማር ላይ ያሉ ልጆች ጋ። አብዛኞቹ ከኤል ሳልቫዶር፣ ከጓቲማላና ከሆንዱራስ የመጡ ናቸው። የእኛም ልጆች አሉ፣ ጥቂት ናቸው።

ባለፈው ማክሰኞ አንድ የሆንዱራስ ልጅ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። 16 ዓመቱ ነው። ከመጣ ስምንት ወሩ። ክፍሉ ትምህርት ቤቱ ካሉት የሒሳብ ክፍሎች ዝቅተኛው ነው። የተሰጠው ወረቀት ክፍልፋይ መደመር ነበር። አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። ጨርሶ ወረቀቱን ገለበጠና ጀርባው ላይ የራሱን ነገር መሥራት ጀመረ። ጠጋ ብዬ አየሁት። ኳድራቲክ ኢኩዌዥን ነው። ሁለቱንም መልስ አወጣ፣ ከሥራቸው አሰመረ፣ እርሳሱን አስቀመጠ። ከዚያ ክንዱ ላይ ተኛ።

ከዚያ በፊት በነበረው ቀን የማካፈል ፈተና ላይ ነጥብ ተቀንሶበታል። አካፋዩን የሚጽፈው በቀኝ በኩል ነው። መቀነሱን በጭንቅላቱ ይሠራና ቀሪውን ብቻ ያሰፍራል። አገሩ ላይ የተማረው እንደዚያ ነው። መልሶቹ ልክ ናቸው። ወረቀቱ ላይ ግን ሥራህን አሳይ የሚል ቀይ ጽሑፍ አለ። ልጁ ምን እንደተባለ አልገባውም፣ ወረቀቱን ይዞ እኔ ጋ መጣ። ሥራው እኮ እዚያው አለ።

ለምን እዚህ ክፍል እንደተመደበ ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ መጀመሪያ እንግሊዝኛው ይምጣ የሚል ነው። ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ። እንግሊዝኛው እስኪመጣ ልጁ 19 ዓመቱ ይሆናል። ኮሌጅ የሚጠይቀውን ሒሳብ መቼ ሊወስድ ነው? በኔ እምነት ሒሳቡ እንግሊዝኛውን መጠበቅ የለበትም። ግን እኔ ረዳት ነኝ፣ ልጅን ከክፍል ክፍል የማዛወር ሥልጣን የለኝም። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

መልሶቹ

መልስ 1። ሲልቨር ስፕሪንግ ከምትኖር እናት ነው። መርቃኝ ጀመረች። የሷም ልጅ ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ ኢሶል ውስጥ ነበረች፣ ዛሬ ነርሲንግ ትማራለች። ምክሯ አጭር ነው። ካውንስለሩ፣ ማለትም የትምህርት ቤቱ የተማሪዎች አማካሪ ጋ ሄጄ ልጁ በስፓኒሽ የሒሳብ ምዘና እንዲሰጠው እንድጠይቅ፤ ያውም ኮሪደር ላይ በቃል ሳይሆን በኢሜይል። በጽሑፍ የጠየቁት በጽሑፍ ይመለሳል፣ በቃል የጠየቁት ግን እዚያው ኮሪደር ላይ ይቀራል ባይ ናት። ይሄን ምክር ያዝኩት።

መልስ 2። ዳላስ ያለ ወንድማችን የጻፈው ነው። ሰላምታ የለውም። በ1990ዎቹ ሲመጣ ማንም አስተርጓሚ አላቆመለትም። ቀን ታክሲ እየነዳ፣ ማታ እየተማረ፣ ሬዲዮ እየሰማ እንግሊዝኛውን አወጣው። እንደሱ አባባል ለልጅ ማዘን ልጁን መጉዳት ነው። ቋንቋው ሳይኖር ሒሳብ ላይ መሮጥ መሠረት ሳይጥሉ ጣሪያ ማልበስ ነው ይላል። የዚህን ሰው ድካም አከብራለሁ። ግን እሱ ሲመጣ ትልቅ ሰው ነበር፣ ሃይስኩልን አገሩ ጨርሶ ነው የመጣው። የኔ ልጅ ገና እዚያው ሃይስኩል ውስጥ ነው፣ ሰዓቱም ይቆጥራል።

መልስ 3። ከክሩ፣ ማለትም ከዚህ የመልስ ሰንሰለት ሁሉ ረጅሙ ይሄ ነው፣ ደግሜ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ 14 ዓመት ኢሶል ያስተማረች እህት ናት። ለዳላሱ ወንድም በትህትና ነው የመለሰችው። እንግሊዝኛ ሁለት ዓይነት እንደሆነ አስረዳች። አንዱ ኮሪደር ላይ የሚወራው ነው። ልጆች እሱን በአንድ፣ በሁለት ዓመት ይይዙታል። ሌላው መማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ያለው ነው። እሱ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ይወስዳል። ይሄን ልዩነት ካናዳዊው ምሁር ጂም ከሚንስ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲጽፍበት ኖሯል። በአማርኛ ሳስበው እንዲህ ነው። መርካቶ ላይ ተከራክሮ ዋጋ የሚያስቀንስ ሰው የፍርድ ቤት ውሳኔ ሲነበብለት ግራ ይጋባል። ቋንቋው አንድ ነው፣ ግን አንድ አይደለም።

ምሳሌዋ ደግሞ ከሒሳብ ክፍል ነው። ፋይቭ ሌስ ዛን ኤክስ፣ ማለትም ከኤክስ በአምስት የሚያንስ፣ የሚል ጥያቄ ይመጣል። ልጁ ቃሎቹን በመጡበት ቅደም ተከተል ይጽፋቸዋል፤ አምስት ሲቀነስ ኤክስ። ትክክሉ ግን ኤክስ ሲቀነስ አምስት ነው። ልጁ መቀነስ አያቅተውም። የተሳሳተው አንዲት የእንግሊዝኛ ሐረግ ላይ ነው። ቴብል የሚለውን ቃልም ጨምራለች። ልጁ ቴብል ሲባል የሚበላበትን ያውቃል፤ የሳይንስ መምህሩ ግን ቴብሉን አንብቡ ሲል የቁጥር ሰንጠረዡን ማለቱ ነው። ይሄ የሚለመደው ሒሳቡና ሳይንሱ ውስጥ ሆኖ ነው እንጂ ከበር ውጭ ቆሞ አይደለም። አገሪቱ ውስጥ በ2021 በልግ ላይ በሕዝብ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ በመማር ላይ የነበሩት 5.3 ሚሊዮን ልጆች እንደሆኑ፣ ከአራቱ ሦስቱ ግድም በቤታቸው ስፓኒሽ የሚናገሩ እንደሆኑም አስታወሰችን። በመጨረሻ ሕግ ጠቀሰች። የ1974 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ የቴክሳስ የሜክሲኮ ወላጆች ከስሰው ያገኙት ነው ብላ ጻፈች።

መልስ 4። እዚህ ላይ እርማት መጣ። ሕግ የሚያውቅ ሰው ይመስላል፣ ማንነቱን ግን አልነገረንም። በ1974 የከሰሱት ሳን ፍራንሲስኮ ያሉ የቻይና ተወላጅ ተማሪዎች ናቸው፤ ጉዳዩ ላው እና ኒኮልስ ይባላል። ቋንቋውን ለማያውቅ ልጅ ለሌላው የተሰጠውን መጽሐፍ፣ ያንኑ መምህር መስጠት እኩልነት አይደለም ተባለ። የቴክሳሱ ጉዳይ ከዚያ በኋላ በ1981 የመጣው የካስታኔዳ ጉዳይ ነው፣ ሬይመንድቪል ከምትባል ትንሽ ከተማ። ፍርድ ቤቱ ሦስት ነገር ጠየቀ። ፕሮግራሙ በትክክለኛ የትምህርት አስተሳሰብ ላይ የቆመ ነው ወይ? ሰውና ገንዘብ ተመድቦለት በእውነት ተሠርቶበታል ወይ? ከተሞከረ በኋላስ ልጆቹ ተሻሻሉ ወይ? ለኔ የሦስተኛው ጥያቄ ክብደት ይበልጣል። አንድን ልጅ ዝቅተኛ ክፍል ለሁለት ዓመት አስቀምጦ ምን እንዳተረፈ የሚጠይቅ ሰው መኖር አለበት። የቨርጂኒያዋ እህት እርማቱን አይታ አመሰገነች።

መልስ 5። አንድ መስመር ናት። ልጁ የመኖሪያ ወረቀት አለው ወይ የሚል ጥያቄ።

መልስ 6። የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት ተመለሰች፣ ድምጿም ተለወጠ። እንዲህ ያለ ጥያቄ በአደባባይ አይጠየቅም ብላ ቆጣ አለች። እኔም ከሷ ጋር ነኝ። የማንንም ልጅ ወረቀት እዚህ አልጽፍም፣ ጠይቄውም አላውቅም። ሕጉም ቢሆን ከ1982 ጀምሮ ግልጽ ነው። ቴክሳስ ታይለር ከተማ ላይ በተነሳው የፕላይለር ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወረቀት የሌለው ልጅ ከሕዝብ ትምህርት ቤት እንዳይከለከል ወስኗል። ስለ ኮሌጅ ከሆነ ጥያቄው ሌላ መልክ አለው፤ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

መልስ 7። ይሄ መልስ ልቤን ነካው። ሲያትል ያለ ሰው ነው፣ አዲስ አበባ ነው ያደገው። እስከ ስድስተኛ ክፍል በአማርኛ ተምሮ ከክፍሉ አንደኛ ይወጣ ነበር። ሰባተኛ ላይ መጽሐፉ ሁሉ እንግሊዝኛ ሆነ። ባዮሎጂውን ሳይገባው በቃል ሸመደደ። መምህሩ ጥያቄ ሲጠይቅ መልሱን እያወቀ እጁን አላወጣም፣ ምክንያቱም ቃሉ አልነበረውም። ከአንደኝነት ወደ 23ኛ ወረደ። አባቱ ሰነፍክ ብለው ገረፉት። አልሰነፈም ነበር። የሆንዱራሱ ልጅ ክንዱ ላይ ሲተኛ ያን ጊዜ ትዝ እንዳለው ጻፈ።

መልስ 8። ትንሽ እርማት ከጅማ ልጅ። ሁሉም ክልል እንደ አዲስ አበባ አይደለም። ኦሮሚያ ላይ እስከ ስምንተኛ በአፋን ኦሮሞ ተምሮ ዘጠነኛ ላይ ነው ወደ እንግሊዝኛ የተሻገረው። የሱ ድንጋጤ የመጣው ሁለት ዓመት ዘግይቶ ነው፣ ግን ድንጋጤው አንድ ነው። ሁለት ዓመቷ ግን ጠቅማኛለች ይላል። ሒሳቡን በገዛ ቋንቋው በደንብ ስለያዘው፣ ዘጠነኛ ላይ የጎደለው ቃል ብቻ ነበር።

ይሄ የኔም ነጥብ ነው። በስፓኒሽ የተገነባ ሒሳብ በእንግሊዝኛ ከዜሮ አይጀመርም።

መልስ 9። ክሩ እዚህ ላይ ጠነነ። እኛ ሀበሾች የራሳችን ልጆች ችግር ሳያንሰን ስለ ላቲኖ ልጅ ምን አገባን የሚል ነው። እነሱ ብዙ ናቸው፣ ድርጅት አላቸው፣ ቴሌቪዥን አላቸው፤ የእኛ ልጆች ተረስተው ሳለ እዚህ ቤት የሰው ችግር ይወራል ብሎ ከረር አለ። አንዳንድ ቃላቱን የመድረኩ አስተባባሪዎች አነሱት።

መልስ 10። ነርስ ነኝ የምትል እህት መለሰችለት፣ ቁጣዋን ዋጥ አድርጋ። ሁለቱ ልጆቿ የተቀመጡት እዚያው ኢሶል ክፍል፣ ከነዚያው ልጆች ጋር ነው። ለስፓኒሽ ተናጋሪዎች የተከፈተ በር ለእኛም የተከፈተ ነው ትላለች። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ያወጣችውን የቋንቋ አገልግሎት ሕግ ምሳሌ አደረገች። በዚያ ሕግ መሠረት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶችን ብዙ ተናጋሪ ባላቸው ቋንቋዎች ይተረጉማሉ፤ አማርኛም ከነዚያ አንዱ ነው። ዛሬ ከትምህርት ቤት የሚመጣው ደብዳቤ በአማርኛ ሲደርሳት የሌሎች ትግልም እንዳለበት ታውቃለች። ይሄን ያህል ጎረቤት ሆነን ምን አገባን ማለት ነውር ነው ብላ ዘጋች። 14 ሰው ልብ ሰጣት። እኔ አንዷ ነኝ።

መልስ 11። አሁን የተመረቀች ወጣት ናት። በ14 ዓመቷ ነው የመጣችው። የዝቅተኛው ክፍል ጉዳት እንዴት እንደሚሠራ ከማንም በላይ ግልጽ አድርጋ ያስረዳችው እሷ ናት። የትምህርት ቀኑ ሰባት ክፍለ ጊዜ ነው። እንግሊዝኛ የሚማር ልጅ ሁለቱን ለእንግሊዝኛ ይሰጣል። ከዚያ ምሳ፣ ስፖርት፣ ቀላል ሒሳብ፣ ቀላል ሳይንስ። እንዲህ እያለ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ይደርሳል። ዲፕሎማውን ያገኛል። ኮሌጅ ሲያመለክት ግን አልጀብራ 2 የለውም፣ ኬሚስትሪ የለውም። ማንም ኮሌጅ አትገባም ብሎት አያውቅም። የነገረው ፕሮግራሙ ራሱ ነው፣ እሱም በዝምታ።

የኤል ሳልቫዶር ጓደኛ ነበረቻት። ጓደኛዋ ማታ ማታ ከእናቷ ጋር ቢሮ ታጸዳለች፣ ጠዋት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ዓይኗ አይገለጥም። የኛዋ ልጅ ማስታወሻውን በካርቦን እንደሚገለበጥ አድርጋ ሁለት ጊዜ ትጽፍላት ነበር። ሁለቱንም ያዳናቸው አቪድ የሚባል ክፍል ነው። ይሄን ለማታውቁት፣ ሜሪ ካትሪን ስዋንሰን የምትባል መምህርት በ1980 ሳን ዲዬጎ፣ ክሌርሞንት ሃይስኩል ውስጥ የጀመረችው ፕሮግራም ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። መካከለኛ ውጤት ያለውን ልጅ ወደ ከባዱ ክፍል አስገባው፤ ግን ብቻውን አትተወው። በየቀኑ አንድ ክፍለ ጊዜ ማስታወሻ አያያዝ፣ አጠያየቅ፣ አብሮ ማጥናት፣ የኮሌጅ ማመልከቻ ይማራል። ጓደኛዋ ስፓኒሽዋን እንደ ነውር ነበር የምታየው። መምህሯ የኤፒ ስፓኒሽ ፈተና አስወሰዳት፤ ኤፒ ማለት ሃይስኩል ሆነው የሚወስዱት በኮሌጅ ደረጃ ያለ ፈተና ነው። በከፍተኛ ውጤት አለፈች፣ ኮሌጅ ስትገባ ክሬዲት ሆነላት። ለመጀመሪያ ጊዜ ስፓኒሽዋ የሆነ ነገር አስገኘላት።

መልስ 12። የዳላሱ ወንድም ተመልሶ መጣ፣ አሁንም ተቆጥቶ። የላቲኖ ልጆች ሥራ እንጂ ትምህርት አይፈልጉም፣ ሃይስኩል ጥለው ይወጣሉ ብሎ ደመደመ።

መልስ 13። ሎስ አንጀለስ ያለ ሰው ነው፣ ያለ ይሉኝታ መለሰለት። በ2000 ላይ ከ16 እስከ 24 ዓመት ካሉት የላቲኖ ወጣቶች ዲፕሎማ ሳይዙ ከትምህርት የወጡት 28 በመቶ ያህል ነበሩ። በ2020 ይሄ ቁጥር ወደ 7 በመቶ ወርዷል። በ20 ዓመት ውስጥ እንዲህ የተለወጠ ሕዝብ ትምህርት አይፈልግም አይባልም ብሎ ነገሩን ዘጋው። ከዚያ የከተማውን ታሪክ አነሳ። ሃይሜ ኤስካላንቴ ቦሊቪያ ውስጥ መምህር ነበር። አሜሪካ መጥቶ ከታች ጀምሮ ሠራ፣ ማታ እየተማረ እንደገና መምህር ሆነ። በምሥራቅ ሎስ አንጀለስ ጋርፊልድ ሃይስኩል፣ በ1982፣ 18 ልጆቹ የኤፒ ካልኩለስ ፈተና አለፉ። ፈታኞቹ ተጠራጠሩ። 14ቱ እንደገና እንዲፈተኑ ተጠየቁ። 12ቱ ተቀምጠው ሁሉም አለፉ።

ግን ይሄ ሰው ታሪኩን ተረት አላደረገውም፣ ያ ደስ አለኝ። ሰዎች አንድ ጀግና መምህር መጣና ተአምር ሠራ ብለው ይተርኩታል። እውነቱ ግን ኤስካላንቴ ጋርፊልድ የገባው በ1974 ነው። እስከ 1982 ስምንት ዓመት አለ። በመካከሉ የክረምት ትምህርት፣ ከታች ክፍል ጀምሮ የተዘረጋ የሒሳብ መስመር፣ አብረውት የለፉ ሌሎች መምህራን አሉ። ካልኩለስ የጀመረው አልጀብራ ክፍል ውስጥ ነው። የእኔን ልጅ ያስቀመጡት ከዚያ መስመር ውጭ ነው።

መልስ 14፣ 15 እና 16። ወሬው ወደ ምግብ ዞረ። አንዱ ላንግሊ ፓርክ ላይ የሚበላው ፑፑሳ፣ ያ በውስጡ ማባያ ያለው የኤል ሳልቫዶር ቂጣ፣ ከየትም እንደሚበልጥ ጻፈ። ሌላዋ የፑፑሳው ጎመን ዳጣ ቢጨመርበት የበለጠ እንደሚጥም መከረች። ሦስተኛው ሁለቱንም ወደ ርዕሱ መለሳቸው፤ ግን እሱም ሳያስበው አንድ ቁም ነገር ይዞ መጣ። እዚያው ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ውስጥ እንግሊዝኛ ለሚማሩ ልጆች ተብሎ በ2015 የተከፈተ ሃይስኩል አለ። ልጆቹ ሳይንሱንም ሒሳቡንም የሚማሩት ቋንቋውን እየተማሩ ነው፤ አንዱ ሌላውን አይጠብቅም። እኔ የምሠራበት ካውንቲ አጠገብ እንዲህ ያለ ቤት እንዳለ አላውቅም ነበር።

መልስ 17። አሌክሳንድሪያ ያለ አባት ነው፣ ስለ ራሳችን ሰዎች ተናገረ። ልጁ መዋዕለ ሕፃናት ሲገባ ኢሶል ይመደብ ተባለ። ኢሶል ማለት ዘገምተኛ ማለት መስሎት ፈርሞ አስወጣው። የሀበሻ ልጅ እንግሊዝኛ አያቅተውም ብሎ ነበር። ወላጅ አገልግሎቱን እምቢ የማለት መብት አለው። ልጁ ግን በየዓመቱ ያለውን የቋንቋ ፈተና መፈተኑ አይቀርም፤ ማዳመጥ፣ መናገር፣ ማንበብና መጻፍ። ልጁ መናገሩን በጥሩ ነጥብ እያለፈ መጻፉ ላይ በየዓመቱ ወደቀ። አምስተኛ ክፍል ሲደርስ ቤት ውስጥ አማርኛም የለው፣ ትምህርት ቤት የመጽሐፍ እንግሊዝኛም የለው። አማርኛውን እንዲተው ያደረገው ራሱ አባቱ እንደሆነ በግልጽ ጻፈ። ሌሎች እንዳይደግሙት ለመነ። ይሄን ጽሑፍ ለማውጣት ድፍረት ይጠይቃል፣ ከልቤ አመሰግነዋለሁ።

መልስ 18። ኮሚኒቲ ኮሌጅ ውስጥ ተማሪ የምትመዘግብ እህት ናት። የገንዘቡን ነገር አፍታታችው። ከምንም በላይ የምታየው ጥፋት ፍርሃት ነው ትላለች። እዚህ የተወለደ፣ ዜግነት ያለው ልጅ፣ ወላጆቹ ወረቀት ስለሌላቸው የመንግሥት የትምህርት እርዳታ አይገባኝም ብሎ ፋፍሳ የሚባለውን የእርዳታ ማመልከቻ ሳይሞላ ይቀራል። መብቱ የልጁ ነው፤ የወላጅ ወረቀት አይከለክለውም። ወላጅም የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ሳይኖረው የራሱን የፋፍሳ አካውንት መክፈት ይችላል። ወረቀት ለሌለው ልጅ ደግሞ የፌዴራሉ እርዳታ ዝግ ነው፣ ነገሩ እንደየስቴቱ ይለያያል። ሜሪላንድ ላይ በ2012 ሕዝቡ ራሱ በድምፁ ባጸደቀው ሕግ መስፈርቱን ያሟላ ልጅ የኮሌጅ ክፍያውን እንደ ስቴቱ ነዋሪ ይከፍላል። አንዱ መንገድ ከሞንጎመሪ ኮሌጅ ዓይነት ኮሚኒቲ ኮሌጅ ጀምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ መሻገር ነው። በመጨረሻ ቴክሳስም ከ2001 ጀምሮ እንዲሁ ነው ብላ ጨመረች።

መልስ 19። ያረማት ማን እንደሆነ ገምቱ። የዳላሱ ወንድም። ቴክሳስ በ2001 ከስቴቶች ሁሉ ቀድማ ሕጉን ማውጣቷ እውነት ነው፣ ግን በሰኔ 2025 የፌዴራሉ መንግሥት ከሶ በፍርድ ቤት ቆሟል። ይሄን የሚያውቀው ከጎረቤቱ ነው። የሜክሲኮ ቤተሰብ ናቸው፣ አባትየው የሱን ጣሪያ ያደሰለት ሰው ነው። ልጅቷ ኢንጂነሪንግ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነበረች። ክፍያው ሲጨምር አቋረጠች። አሁን አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ትቆጥራለች። አንድ ቀን ጋራዡ ውስጥ የልጁን የፊዚክስ መጽሐፍ አይታ ቆማ ገለጠችው። ከዚህ በላይ አልጻፈም። ቀድሞ በመልስ 12 ላይ ያለውን ነገር ግን እንደሚሰርዘው ተናገረ፣ ሰረዘውም። እኔ ታሪኩ እንዳይጎድል ብዬ ነው እዚህ የተውኩት፣ ይቅርታ ካስከፋሁት።

መልስ 20። የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት ለሦስተኛ ጊዜ። ይሄ ሁሉ ሲወራ የልጁን ነገር ረሳሽው ወይ አለችኝ። ኢሜይሉን ጻፍሽ? ልጁስ የት ደረሰ? ምን እንደሆነ ሳንሰማ ክሩ እንዳይዘጋ አስተባባሪዎቹን ለመነች።

መልስ 21። ይሄ የኔ ነው።

ኢሜይሉን ሰኞ ጠዋት ላክሁ። የልጁን ወረቀት ፊትና ጀርባ ፎቶ አንስቼ አያያዝኩት። ካውንስለሯ በዚያው ቀን መለሰች። ክፉ ሰው አይደለችም። ከ300 በላይ ልጅ ነው ያለባት፣ ልጁ ሲመዘገብ ከአገሩ የመጣ የትምህርት ማስረጃ ፋይሉ ውስጥ አልነበረም። ማስረጃ ከሌለ ከታች ይጀመራል። የተደረገው ይሄ ነው። በስፓኒሽ ምዘና እንዲሰጠው ተስማማች፣ እናቱም በአስተርጓሚ እንድትጠራ።

እናትየው ሐሙስ ከሥራ በቀጥታ መጣች። የሆቴል ዩኒፎርሟን አላወለቀችም፣ ጫማዋ ላይ የጽዳት ውሃ ነጥብ ደርቋል። አስተርጓሚው በስልክ ነበር፣ ስልኩ ጠረጴዛው መካከል ተቀመጠ። ካውንስለሯ ልጁ አገሩ እስከ ስንተኛ ክፍል እንደተማረ ጠየቀች። እናትየው መልስ አልሰጠችም። ቦርሳዋን ከፈተችና የፕላስቲክ ፎልደር አወጣች። ውስጡ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አለ። ማኅተም አለው። የዘጠነኛ ክፍል ውጤት ነው። ማቴማቲካ፣ 94።

ለምን እስከ ዛሬ እንዳላመጣችው ካውንስለሯ ጠየቀች፣ በቀስታ። እናትየው በአስተርጓሚው በኩል መለሰች። ከመጡበት ቀን ጀምሮ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ካውንስለሯ ዝም አለች። እኔም። ከዚያ ፎቶ ኮፒ ለማድረግ ወረቀቱን ልትወስድ እጇን ስትዘረጋ እናትየው ተነሳች። ኦሪጅናሉን ከዓይኗ ማራቅ አልፈለገችም። ሦስታችን ተያይዘን ወደ ኮፒ ማሽኑ ሄድን። ማሽኑ ብርሃኑን እስኪያሳልፍ እናትየው ክዳኑ ላይ እጇን አድርጋ ቆማ ነበር።

ልጁ ከሰኞ ጀምሮ አልጀብራ 2 ውስጥ ነው። የቃላት ጥያቄ ላይ አሁንም ይደናቀፋል። ትናንት ፋይቭ ሌስ ዛን ኤክስ መጣበት፣ ገለበጠው። የቨርጂኒያዋ እህት እንዳስተማረችኝ ጣቴን ኤክሷ ላይ አድርጌ ከዚህ ጀምር አልኩት። አሁን የምፈልገው እርዳታ በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን የተዘጋጀ የሒሳብ ቃላት ዝርዝር ነው። ያላችሁ ላኩልኝ። የአማርኛም ካለ እፈልጋለሁ፤ ከፊቱ የተቀመጠችው ልጅ ከጎንደር ናት።